ዝም ያለው በሽተኛ

ከመቀሌ ድንገተኛ ክፍል በር እስከ ሠፈር ጓዳ፦ ሕይወት የሚያሰጋውን ሕመም ከሌላው መለየት

ባጃጁ ገና በወጉ ሳይቆም ሁለት ሰዎች ዘለው ይወርዳሉ። ኋላ መቀመጫው ላይ እግሩ በነጠላ የተጠቀለለ ወጣት አለ፤ ነጠላው ነጭ እንደነበር የሚያስታውቀው ጥለቱ ብቻ ነው። ወጣቱ ይጮኻል። እናቱ «ወደይ! ወደይ!» እያለች ትከተላለች፤ በትግርኛ «ልጄን» ማለቷ ነው። ጥበቃው ቃሬዛ ይጎትታል፣ ሾፌሩ መሪውን ትቶ ያግዛል፣ ካርድ ለማውጣት የተሰለፈው አስታማሚ ሁሉ አንገቱን ያዞራል።

በዚያው ደቂቃ ከኋላ ከቆመ ታክሲ አንዲት አሮጊት በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ይወርዳሉ። ማንም ልብ አላላቸውም። አይጮኹም፣ አያቃስቱም። አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ራሳቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ። የመቀሌ ጠዋት ብርድ ነው፤ ግንባራቸው ግን በላብ ርሷል። ልጅ ልጃቸው ለጎረቤቱ ተሰላፊ «ጨጓራዋ ነው፤ ከሌሊት ጀምሮ ተነሥቶባት ነው» ይላል።

በር ላይ የቆመችው ሲስተር መጀመሪያ ወደ ማን ትሂድ?

ለዚህ ጥያቄ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ የተሳሳተ ነው። ደም ያየ ዓይን ወደ ደሙ ይሄዳል፣ ጩኸት የሰማ ጆሮ ወደ ጩኸቱ ያዘነብላል። የድንገተኛ ሕክምና ትምህርት ትልቁ ክፍል ይህን የተፈጥሮ ዝንባሌ መግራት ነው።

የሠፈሩ ስም

መቀሌ ውስጥ «ድንገተኛ» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ዓይደር ይሄዳል። ሆስፒታሉ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ማስተማሪያ ነው። ከሽሬ፣ ከተምቤን፣ ከራያ «ሪፈር» የተጻፈለት ሁሉ እዚህ ይደርሳል፤ ከአማራ ክልል አጎራባች ወረዳዎችም ይመጣል። በአብዓላ በኩል ከአፋር ቆላ የሚወጣው ደግሞ የበረሃውን ሙቀት ለብሶ የደጋ ብርድ ውስጥ ይገባል።

የሠፈሩ ስም ግን ከሆስፒታሉ በፊትም በሐዘን ይታወቅ ነበር። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት መጀመሪያ ላይ የኤርትራ አውሮፕላኖች የዓይደርን ትምህርት ቤትና አካባቢውን በቦምብ ደብድበዋል። ሕፃናትን ጨምሮ ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ቆሰለ። በዚያ ዘመን ሠፈሩ ውስጥ ይህ ሆስፒታል አልነበረም። ዛሬ የከተማዋ ቁስለኛ የሚታከምበት ቦታ ያንኑ ስም መያዙን ሳስብ፣ ስሙን እንደ ማንኛውም የሠፈር ስም መጥራት ይከብደኛል።

ወረፋ የማያውቅ በር

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሰውን ከሕክምና ባለሙያ ጋር የሚያጋጨው ብዙውን ጊዜ ወረፋ ነው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል፤ በዳቦ ቤትም በቀበሌም የኖርንበት ሥርዓት ይኸው ነው። እዚህ ግን ከንጋት ጀምሮ የተቀመጠ ሰው፣ አሁን የደረሰ ሌላ ሰው እየሮጠ ሲገባ ያያል። አስታማሚዎች ይቆጣሉ፤ «ዘመድ ስላለው ነው» ይላሉ። ነርሶቹ ደግሞ ከሥራው ሁሉ የሚከብዳቸው ይህን ማስረዳት እንደሆነ ይናገራሉ።

ነገሩ ልየታ ይባላል፤ ሐኪሞቹ «ትሪያጅ» ይሉታል። ታሪኩ ከናፖሊዮን ጦር ሜዳ ይነሣል። ዶሚኒክ ዣን ላሬ የተባለው የጦሩ ቀዶ ሐኪም ቁስለኛን በማዕረጉ ሳይሆን በቁስሉ ክብደት ማየት አለብን ብሎ ተነሣ፤ ጄኔራሉ እጁን ተጭሮ ከሆነና ተራው ወታደር እየሞተ ከሆነ ወታደሩ ይቀድማል። የጠላት ቁስለኛም በዚሁ ሚዛን ይታይ ነበር። ዛሬ ያ ሐሳብ በቀለም ይገለጻል። ቀይ አሁኑኑ፣ ብርቱካናማ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢጫ ጥቂት ቆይቶ፣ አረንጓዴ መጠበቅ የሚችል። ስለዚህ አረንጓዴ የተሰጠው ሰው ንቀት ደረሰብኝ ብሎ ያዝናል እንጂ፣ በዚያ ቀን በዚያ በር ከገባ ሰው ሁሉ ዕድለኛው እሱ ነው።

*የሚጮኽ ሰው ቢያንስ አየር አለው።*

ሲስተሯ የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የትንፋሽ መንገዱ ክፍት ነው? ይተነፍሳል? ደሙ ይዘዋወራል? ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ቀድሞ የሚገድለው ቀድሞ ይታያል። ባጃጁ ውስጥ ያለው ወጣት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በጩኸቱ መልሶላታል። ሦስተኛው ደሙ ነው፤ ለዚያ አንድ ጠንካራ እጅ ይበቃል። ጓንት ሰጥታ አንዱን ባልደረባ «እዚህ ላይ ተጫን፣ እንዳትለቅ» ትለዋለች። ከዚያ ወደ አግዳሚው ትዞራለች።

የአሮጊቷን እጅ ትይዛለች። ሰው ሰላም የምትላቸው ይመስለዋል። እሷ ግን የእጁን ቅዝቃዜ ትመዝናለች፤ አውራ ጣቷን ጥፍራቸው ላይ ተጭና ትለቃለች። ጤነኛ ሰው ሲሆን የነጣው ጥፍር በሁለት ሰከንድ ውስጥ መልሶ ይቀላል። ከዚያ ከዘገየ ሰውነት ደሙን ከዳር ሰብስቦ ወደ ልብና ወደ አንጎል እየላከ ነው፤ ቤት ሲቃጠል የሳሎኑን ዕቃ ትቶ ልጆቹን እንደሚያወጣ ሰው።

በተለይ ወጣት ሰውነት በዚህ ረገድ ያታልላል። ውስጡ እየደማ ግፊቱን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል፣ ያወራል፣ ውኃ ስጡኝ ይላል፤ ከዚያ በድንገት ይወድቃል። አዋላጆችም ይህን ያውቁታል። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት እናት መጀመሪያ ትጨነቃለች፣ ትቁነጠነጣለች፤ ከዚያ ጸጥ ትላለች። ቤተሰብ «ደክሟት ነው፣ ትተኛ» ይላል። ያ ዝምታ እንቅልፍ የማይሆንበት ጊዜ አለ።

ሕፃንም እንዲሁ ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ያሰጋል፣ ማልቀስ የተወ ሕፃን ግን የበለጠ ያሰጋል። ጡት እምቢ ካለ፣ አንገቱ ከላላ፣ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ ከገባ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሰዓት ይዘው የሕፃኑን ትንፋሽ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራሉ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ይህን ማንኛዋም እናት በስልኳ ሰዓት ልትቆጥረው ትችላለች።

«ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው፣ ሰክሮ ነው»

የድንገተኛ ሐኪሞችን ከሚያንገበግባቸው ነገር አንዱ ሕመሙ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት በቤት ውስጥ ስም የሚወጣለት መሆኑ ነው። ስም ከወጣለት ይታለፋል።

ጨጓራ የሁላችንም ስም ነው። በርበሬ በልተን፣ ጾመን፣ ተናደን የሚነሣብን እሱ ስለሆነ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ይባላል። የልብ ድካም አይደለም እዚህ የማወራው፤ የልብን ሥጋ የሚመግበው የደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ስለሚመጣው ሕመም ነው። መሐል ደረት ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ይከብዳል፣ ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ ይሄዳል፣ ያልባል፣ ያቅለሸልሻል። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ግን ያ ክብደት ጨርሶ ላይሰማ ይችላል፤ ላብና ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ «ጨጓራዬን» ብቻ ይሆናል። ቀዝቃዛ ላብ የሚያመጣ ጨጓራ ልብ እስኪመረመር ድረስ ጨጓራ አይደለም። ምርመራውም ቀላል ነው፤ የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚያነበው መሣሪያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ስም ብርድ ነው። አንድ ሰው ጠዋት ሲነሣ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ከተገኘ «ብርድ መታው» ይባልና በሙቅ ጨርቅ ይታሻል። ይህ አባባል ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የፊት ነርቭ ብቻውን ታሞ ፊት የሚጣመምበትና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ የሚሻል ሕመም በእርግጥ አለ። ግን የተጣመመውን ሰው ሁለት እጅህን ዘርግተህ አንሣ በሉት። አንዱ እጅ ከወረደ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ወይም የሚባለውን ካልገባው ይህ ስትሮክ ነው። ሰዓቱን ጻፉ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ የታየው መቼ ነበር? የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። መድኃኒቱ በአገራችን እንደልብ ባይገኝም ሰዓቱ ዋጋ አያጣም፤ አንጎሉ ላይ ደም ፈሶ ይሁን ተዘግቶ የሚለየው በሲቲ ስካን ነው፣ የሁለቱ ሕክምናም ይለያያል። እስከዚያው ውኃም ምግብም በአፍ አይሰጥ። መዋጥ አቅቶት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

*ቀዝቃዛ ላብ የሚያመጣ ጨጓራ ልብ እስኪመረመር ድረስ ጨጓራ አይደለም።*

ሦስተኛው በጣም የሚያሳዝነኝ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ጠዋት ኢንሱሊኑን ይወጋል። የጾም ወቅት ነው፤ ቅዳሴ እስኪወጣ አልበላም ይላል። ስድስት ሰዓት ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ የማይገናኝ ነገር ይናገራል፣ ሊይዙት ሲሉ ይገፈትራል። መንገደኛው ሰክሯል ብሎ ያልፈዋል፤ ያዘነለትም ጸበል ይወስደዋል። ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ተሟጥጦ አንጎሉ እየተራበ ነው። መዋጥ ከቻለ በውኃ የተበጠበጠ ስኳር፣ ለስላሳ ወይም ማር በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሰዋል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይፈስም፤ ግሉኮስ በደም ሥር ያስፈልገዋል። ነርሶች በዚህ ሥራ ውስጥ እንደዚህ የሚያስደስት ነገር የለም ይላሉ። መርፌው ገብቶ ሳያልቅ ሞተ የተባለው ሰው ዓይኑን ገልጦ «የት ነው ያለሁት?» ይላል። ካህናት በበኩላቸው ሕመምተኛ በጾም እንደማይገደድ ያስተምራሉ። ሕመምተኛው ግን ከካህኑ ይልቅ በራሱ ላይ ይጨክናል።

ከሰል ደግሞ ስም እንኳ አይወጣለትም። መብራት በጠፋባቸው ብርዳም ሌሊቶች ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በሩን መዝጋት የተለመደ ነው። የሚገድለው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ጠዋት የቤቱ ሰው ሁሉ ራሴን አመመኝ ካለ፣ አንዱ ካስመለሰው፣ ሌላው አልነቃ ካለ ምግብ አይደለም የመረዛቸው። መጀመሪያ በሩን መክፈት፣ ሰዎቹን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከዚያ መኪና መፈለግ።

ክብሪት፣ ወተት፣ ቡና

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ክብሪት የሚጭር ሰው አይጠፋም። ጭሱን ማሽተት ያነቃዋል ተብሎ ይታመናል፤ አብዛኛው መንቀጥቀጥ በራሱ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚቆም ክብሪቱ የሠራ ይመስላል። ክብሪቱ የሠራው ነገር የለም፤ አንዳንዴ አፍንጫ ያቃጥላል። ጥርስ መሐል ማንኪያ መክተትም ጥርስ ይሰብራል። የሚያስፈልገው ድንጋዩን ከአጠገቡ ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ጋቢ ማድረግ፣ ሲቆም በጎኑ ማስተኛትና ሰዓት ማየት ነው። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል።

በረኪና ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት ለጠጣ ሰው ወተት ይሮጥለታል። ወተቱ ሊያስመልሰው ይችላል፤ ሲወርድ ያቃጠለው በረኪና ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል። ራሱን የሳተ ከሆነም ወደ ሳንባው ይገባል። ምንም አለማጠጣት፣ ጠርሙሱን ይዞ መሄድ ይሻላል። የፀረ ተባይ መርዝ ከሆነ ልብሱን ማውለቅና ቆዳውን ማጠብ ይጨመራል። ጠርሙሱን የተመለከተ ሐኪም ግማሹን ሥራ ጨርሷል፤ ለሰብል መርዝ የሚሆነው አትሮፒን ለበረኪና አይሆንምና። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች ከሐኪሙ ፊት ሲያፍሩ፣ «በስህተት ነው» ሲሉ አያለሁ። እዚያ በር ላይ የሚፈርድ መኖር የለበትም፤ ሰውየውም ሲድን ብቻውን አይተው።

ቁስል ላይ የቡና ዱቄት መነስነስ፣ ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ የእንቁላል አስኳል መቀባት ከአያቶቻችን ተቀብለን ያቆየነው ነው። ደም የሚያቆመው ንጹሕ ጨርቅና የማይነሣ እጅ ነው፤ በየደቂቃው ገልጦ ማየት የረጋውን ያፈርሳል። ብረት ወይም እንጨት ተሰክቶ ከሆነ ግን አይነቀል፤ ዙሪያውን ይታሰር። ከትግራዩ ጦርነት በኋላ በየማሳው የቀረ ተተኳሽ የሚያቆስላቸው ሕፃናት ላይ ይህ ምክር ትርጉም አለው።

ለቃጠሎ ዓለም የሚመክረው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ነው። መቀሌ ውስጥ ይህን የሰማች እናት ቢከፋት አይፈረድባትም። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ፣ ውኃ በበርሜል ተቆጥሮ በሚቀዳበት ቤት ሃያ ደቂቃ ሙሉ ማፍሰስ ከየት? መልሱ ሳፋ ነው። በንጹሕ ሳፋ የተያዘ ውኃ እየተቀዳ መልሶ በቃጠሎው ላይ ይፈስሳል። ለውሻ ንክሻም 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ማጠብ የሚታለፍ አይደለም፤ ከዚያ ክትባቱ። ጸበሉም ይቀጥል፣ ክትባቱ ግን አይቅር።

መድኃኒቱ ባለቀበት

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ይህን ሁሉ እውቀት ባዶ እጅ አስቀረው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ 106 የጤና ተቋማትን ጎብኝቶ፣ በወጉ ሲሠሩ ያገኛቸው ከመቶ 13 ያህሉን ብቻ ነበር። አምቡላንሶች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. የቶጎጋ ገበያ ከአየር ሲመታ ቦታው ከመቀሌ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ ወደዚያ የሄዱ አምቡላንሶች ግን ኬላ ላይ እንዳያልፉ ተከለከሉ። ቁስለኛ አንድ ሰዓት ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ያነበበ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ቀን ያ እውቀት ለማንም አልጠቀመም።

ከዚያ በኋላ በመጣው ከበባ ዓይደር ውስጥ ጓንት ታጥቦ ተደገመ፣ አሮጌ ጨርቅ ተቀዶ ፋሻ ሆነ፣ ቁስል በጨው ውኃ ታጠበ። ባለሙያዎቹ ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ሠሩ። ኢንሱሊን ሲያልቅ የስኳር ሕመምተኞች በሌላው ጫፍ መጡ፤ ትንፋሻቸው ጥልቅና ፈጣን፣ አፋቸው የበሰበሰ ፍሬ የሚሸት፣ ሰውነታቸው የደረቀ። ሐኪሙ ገና በር ላይ ሲያያቸው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሕክምናውም በየመጽሐፉ አለ፣ ፈሳሽና ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊኑ ግን የለም። ከዚያ ዘመን የተረፉ ባለሙያዎች ከቦምቡ ይልቅ ይህ ነው ከአእምሯችን ያልወጣው ይላሉ፤ ለይቶ አውቆ እጅን አጣጥፎ መቆም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነቱን የማቆም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መድኃኒት መግባት ጀመረ። የጠፉት አምቡላንሶች ግን በአንድ ፊርማ አይመለሱም።

ቃሬዛና ባጃጅ

ገጠሩ አምቡላንስ ከመኖሩ በፊትም ያውቅበት ነበር። ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ትነሣለች፤ አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌሎች አራት እየተከተሉ ይቀያየራሉ፣ በየመንደሩ ድንበር ላይ ደግሞ አዲስ ትከሻ ይጠብቃል። ዛሬም መኪና በማይደርስበት ተራራ ሥርዓቱ ይኸው ነው። በከተማ 907 ደውሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጠየቅ ይቻላል። ካልተገኘ ግን የመቀሌ አምቡላንስ ባጃጅ ነው።

ድንገተኛ ሕክምና በአገራችን እንደ ራሱ ሙያ መሰጠት የጀመረው ገና በ2003 ዓ.ም. ገደማ በጥቁር አንበሳ ነው። ስፔሻሊስቶቹ ዛሬም ጥቂት ናቸው። የእኔ እምነት ግን ቀጣዩ ስፔሻሊስት ከመመረቁ በፊት የባጃጅ ሾፌሩ መሠልጠን አለበት የሚል ነው። ራሱን የሳተን ሰው አስቀምጦ መውሰድ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ትንፋሹን እንዲዘጋ ማድረግ መሆኑን፣ በጎኑ ማስተኛት ሕይወት እንደሚያተርፍ፣ አንገቱን የተጎዳን ሰው እንደ ጆንያ አንሥቶ መወርወር የቀረውን ዕድሜ እንደሚወስድበት ለመማር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ሾፌሮቹን ስታናግሯቸው የሚፈሩት ሌላ ነው፤ በሽተኛው መንገድ ላይ ቢሞትብኝ ፖሊስ እኔን ይይዘኛል ይላሉ። የተሸከመ ሰው እንዳይጠየቅ ማረጋገጥ ከሥልጠናው ጋር አብሮ መምጣት አለበት።

አሮጊቷ አሁን አልጋ ላይ ናቸው። ደረታቸው ላይ ሽቦዎች ተለጥፈዋል፤ ከመሣሪያው የሚወጣውን ወረቀት ኢንተርኑ ለሬዚደንቱ ያሳያል፣ ሬዚደንቱም አንዴ አይቶ አስፕሪን እንዲያኝኩ ያዛል። ልጅ ልጃቸው በሩ አጠገብ ቆሟል። ሲስተሯ መቼ እንደጀመራቸው ትጠይቀዋለች።

«ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሰው አትቀስቅሱ ብላ ነው ዝም ያለችው።»

ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ ትጽፋለች።

ውጭ የወጣቱ እናት ጩኸቷን አቁማ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። የባጃጁ ሾፌር በሃይላንድ ጠርሙስ የያዘውን ውኃ ኋላ መቀመጫው ላይ እያፈሰሰ በጨርቅ ያሻል። ወለሉ ላይ የወረደው ውኃ መጀመሪያ ቀይ ነበር፣ ከዚያ እየነጣ መጣ። ጨርቁን ጨምቆ ከመቀመጫው ሥር ወሸቀና ሞተሩን አስነሣ።